ሦስት የድራም ማይክ፣ አንድ የልምምድ አምፕ፦ የዘ ስትሮክስ የመጀመሪያ አልበም አሠራር

የሮክ ባንዱ ዘ ስትሮክስ «ኢዝ ዚስ ኢት» የተባለውን የመጀመሪያ አልበሙን ሲያወጣ ብዙ አድማጭ የወደደለት ግዴለሽነቱን ነበር። ድምፁ ሻካራ ነው፤ ዘፋኙ ገና ከእንቅልፉ የነቃ ይመስላል፤ ዘፈኖቹ አጫጭር ናቸው። አምስት ወጣቶች ምድር ቤት ገብተው፣ መሣሪያቸውን ሰክተው፣ እንደመጣላቸው ተጫውተው የወጡ ያስመስላል። ምድር ቤቱ እውነት ነው። «እንደመጣላቸው» የሚለው ግን ከእውነቱ የራቀ ነው። በዚህ አልበም ላይ አብዛኛው ውሳኔ ያለቀው የመቅረጫው ቁልፍ ከመጫኑ በፊት ነው፤ ሻካራነቱም ታስቦበት፣ ተለክቶ የገባ ነው። ጉዳዩን ማጥናት የሚጠቅመውም ለዚህ ነው፦ ውጤቱን ብቻ ሰምተው ለመኮረጅ የሞከሩ ብዙ ባንዶች ሻካራነቱን አግኝተው ሙዚቃውን አጥተዋል።

(ዓመታቱና ወራቱ ሁሉ እንደ ኤውሮጳ አቆጣጠር ናቸው።)

ማን፣ የት፣ መቼ

ባንዱ የኒው ዮርክ ነው። ዘፋኙና የዘፈኖቹ ደራሲ ጁሊያን ካዛብላንካስ፣ ጊታሪስቶቹ ኒክ ቫለንሲና አልበርት ሃሞንድ ጁኒየር፣ ቤዚስቱ ኒኮላይ ፍራይቸር፣ ድራመሩ ፋብሪዚዮ ሞሬቲ ይባላሉ። ፕሮዲዩሰሩ ጎርደን ራፋኤል ከሲያትል የመጣ ኪቦርዲስት ሲሆን፣ በማንሃተን ኢስት ቪሌጅ ምድር ቤት ውስጥ ትራንስፖርተራውም በተባለ ስቱዲዮ ይሠራ ነበር። አልበሙ የተቀረጸው እዚያው፣ በማርችና በኤፕሪል 2001 ነው። 11 ዘፈኖች አሉት፤ ሁሉም ተደምረው 36 ደቂቃ ተኩል ገደማ ይሆናሉ። አራት ደቂቃ የሞላ አንድም ዘፈን የለውም።

ባንዱ «ኢንዲ» (ከትልልቅ ኩባንያዎች ነጻ) ስለመባሉ አንድ ነገር ማለት ይገባል። በብሪታኒያ ያሳተመው ራፍ ትሬድ ነጻ ኩባንያ ነው፤ በአሜሪካ ግን ውሉ ከአርሲኤ ጋር ነበር፤ አርሲኤ ደግሞ ከትልልቆቹ አንዱ ነው። ስለዚህ በዚህ ጉዳይ «ኢንዲ» የሚለው ቃል የሚገልጸው የባንክ ሂሳቡን ሳይሆን የአሠራሩን መንገድ ነው።

ከስቱዲዮው በፊት የነበረው ሥራ

ባንዱ የሚለማመደው በማንሃተን ሄልስ ኪችን ሰፈር፣ ሚውዚክ ቢልዲንግ በሚባለው ሕንጻ ውስጥ በተከራየው ክፍል ነበር፤ ሰዓቱ ደግሞ ብዙውን ጊዜ ሌሊት። ዘፈኖቹን የሚጽፈው ካዛብላንካስ ነው፤ የሚጽፈውም ግጥምና ዜማ ብቻ አልነበረም። የእያንዳንዱ መሣሪያ ድርሻ ምን እንደሚሆን፣ ጊታሮቹ የት እንደሚገቡ፣ ድራሙ የት እንደሚቆም ጭምር አስቦ ይመጣ ነበር። ከጎናቸው ጄፒ ባወርሶክ የተባለ የጊታር አስተማሪ ነበር፤ በአልበሙ ላይ ስሙ የሰፈረው «ጉሩ» ተብሎ ነው። ቀልድ ቢመስልም ሥራው ቀልድ አልነበረም።

ቅንብሩን ስንመረምር የምናገኘው ይህን ነው። ሁለቱ ጊታሮች አንድ ነገር አይጫወቱም። አንዱ ብዙውን ጊዜ ስምንተኛ ኖታዎችን ወደ ታች ብቻ እየመታ፣ ሳይቆም፣ ከሁለትና ከሦስት ገመድ ሳይዘል ይሄዳል። ሌላው ከዚያ በላይ ባለው ከፍታ ላይ ነጠላ ኖታ ዜማ ይይዛል። ስድስቱን ገመድ በሰፊው የሚመታ ጊታር በአልበሙ ውስጥ ጥቂት ነው። ቤዙ ደግሞ የኮርዱን መነሻ ኖታ ብቻ እየደገመ አይኖርም፤ የአልበሙን ስም በያዘው የመጀመሪያ ዘፈን ላይ ዜማውን ተሸክሞ የሚሄደው ቤዙ ነው ማለት ይቻላል። ሞሬቲ ሀይሃቱን (በእግር የሚዘጋውን ጥንድ ሲምባል) እንደ ሰዓት ይመታል፤ በመካከል የሚገቡ የማስጌጫ ምቶችን (ፊል) አያበዛም፤ ሲምባል የሚያጮኸው አልፎ አልፎ ነው።

ይህ የጣዕም ጉዳይ ብቻ አይደለም፤ የቀረጻ ጉዳይም ነው። ሁለት ጊታሮች በአንድ ከፍታ ላይ ሙሉ ኮርድ ሲመቱ ድምፃቸው ከ200 እስከ 500 ኸርዝ (ኸርዝ የድምፅ ቅጥነትና ውፍረት መለኪያ ነው) ባለው ቦታ ይከማችና ቤዙንም ድምፃዊውንም ይሸፍናል። ያን ጊዜ ሚክስ የሚያደርገው (ድምፆቹን የሚያመጣጥነው) ሰው የድምፅን ክፍሎች በሚቀንሰውና በሚጨምረው መሣሪያ፣ በኢኳላይዘር፣ መቁረጥ ይጀምራል፤ ሲቆርጥ ጊታሩ ይሳሳል፤ ጊታሩ ሲሳሳ በሌላ ጊታር ይደርባል። እዚህ አልበም ላይ ያ አዙሪት የተዘጋው በልምምድ ክፍል ውስጥ ነው። ሲምባል ጥቂት መሆኑም እንዲሁ፦ በትንሽ ክፍል ውስጥ ሁሉም አንድ ላይ ሲጫወት ወደ እያንዳንዱ ማይክ ከሁሉ ይበልጥ የሚፈስሰው የሲምባል ጩኸት ነውና፣ ድራመሩ በሲምባል ሲቆጥብ ማይኮቹ ሁሉ ይጸዳሉ።

ሦስት ዘፈን፣ አንድ ማሳያ

በ2000 መጨረሻ ላይ ባንዱ ከራፋኤል ጋር ለማሳያ (ዴሞ) ሦስት ዘፈኖችን በዚያው ስቱዲዮ ቀረጸ፦ «ዘ ሞደርን ኤጅ»፣ «ላስት ናይት» እና «ባርሊ ሊጋል»። ሦስቱም በኋላ በአልበሙ ውስጥ ገብተዋል። በኒው ዮርኩ ክለብ በመርኩሪ ላውንጅ የሙዚቃ ዝግጅቶችን የሚያስይዘው ራያን ጄንትልስ ሥራውን ትቶ ማኔጀራቸው ሆነ፤ ማሳያው ለንደን የራፍ ትሬዱ ጄፍ ትራቪስ ጆሮ ደረሰ፤ በጃንዋሪ 2001 በብሪታኒያ ሳይነካካ ታተመ። የብሪታኒያ የሙዚቃ ጋዜጦች ተቀባበሉት፤ ትልልቆቹ ኩባንያዎችም ባንዱን ለማስፈረም ይሽቀዳደሙ ጀመር፤ አርሲኤ አሸነፈ።

ለሌላ ባንድ የሚጠቅመው ዝርዝር እዚህ ያለው ነው። ማሳያው እንደ ረቂቅ አልተሠራም። ሦስት ዘፈን ብቻ ተመረጠ፤ ሦስቱም የተለያየ ፍጥነትና ስሜት አላቸው፤ ድምፃቸው ግን አንድ ቤተሰብ ነው። አሥር ዘፈን ላይ ላዩን ከመቅረጽ ይልቅ ሦስቱን ለመታተም በሚበቃ ደረጃ መጨረስ በሁለት መንገድ ይከፍላል፤ ለኩባንያ ይላካል፣ ኩባንያው ከወደደውም በዚያው ሳምንት ወደ ማተሚያ ይሄዳል። ዴሞ ብለው በችኮላ የቀረጹትን እንደገና ለመሥራት ሲሉ የመጀመሪያውን ትኩሳት ያጡ ባንዶች ቁጥር ስፍር የላቸውም።

ያልሠራው ሙከራ

አልበሙን ለመጀመር የተመረጠው ራፋኤል አልነበረም። ባንዱ መጀመሪያ የሞከረው ከጊል ኖርተን ጋር ነበር፤ ኖርተን የፒክሲስ ባንድን «ዱሊትል» አልበም ፕሮዲውስ ያደረገ፣ ስሙ የተከበረ ባለሙያ ነው። ጥቂት ዘፈኖች ተቀረጹ፤ ባንዱ ሰማቸውና ከመጠን በላይ የጸዱ፣ የእነርሱ ያልሆኑ ሆነው አገኛቸው። ቀረጻው ተጣለ፤ ባንዱም ወደ ምድር ቤቱ ተመለሰ።

ኖርተን ሥራውን ስላላወቀ አይደለም። ችግሩ የዘዴና የሙዚቃ አለመጣጣም ይመስለናል። ጥሩ ስቱዲዮ እያንዳንዱን መሣሪያ ለይቶ፣ አጽድቶ፣ ሰፊ አድርጎ ያቀርባል። የዘ ስትሮክስ ቅንብር ግን እያንዳንዱ ድርሻ ለብቻው ሲሰማ ባዶ የሚመስል ነው፤ የጊታሩ ሁለት ገመድ፣ የሀይሃቱ ቀጥ ያለ ምት፣ የዘፋኙ ዝቅ ያለ ድምፅ የሚያምሩት ተጣብቀው ሲመጡ ነው። ሲነጣጠሉ ክፍተቱ ይታያል፤ ክፍተት ሲታይ ደግሞ ልማዱ መሙላት ነው፤ ሲሞላ ዘፈኑ ሌላ ዘፈን ይሆናል። ለፕሮዲዩሰር ለመክፈል የሚዘጋጅ ባንድ ከዚህ የሚወስደው ተግባራዊ ነገር ቢኖር፣ ሙሉ አልበም ከመዋዋል በፊት ሁለት ወይም ሦስት ዘፈን ለሙከራ መቅረጽ ነው። ዘ ስትሮክስ ለሙከራው ጊዜና ገንዘብ ከፈለ፤ አልበሙን ግን አላጣም።

በምድር ቤቱ ውስጥ

ቀረጻው ወደ ስድስት ሳምንት ወሰደ። ስቱዲዮው ብርሃኑ ደካማ፣ ጣሪያው ዝቅ ያለ ቦታ ነበር። ባንዱ ለራፋኤል የሰጠው መመሪያ ሰፊ ዝና አለው፦ ካለፈው ዘመን ተነሥቶ ወደ ፊት ተጉዞ አልበሙን የሠራ ባንድ እንዲመስል። መመሪያው በቀጥታ ወደ መሣሪያ ምርጫ ተተረጎመ። አብዛኞቹ ዘፈኖች አምስቱ አብረው እየተጫወቱ ተቀረጹ፤ መቅረጫው ኮምፒውተር ቢሆንም አካሄዱ የቴፕ ዘመን ነበር።

ድራሙ የተቀረጸው በሦስት ማይክ ብቻ ነው፤ ይህ በዚያ ዘመን ያልተለመደ ነበር፤ በ2001 አንድ የሮክ ድራም ላይ አሥርና ከዚያ በላይ ማይክ መትከል ተራ ነገር ነበርና። ማይክ ሲያንስ የድራሙ ድምፅ የሚወሰነው በሦስት ነገሮች ነው፤ በድራመሩ እጅ፣ በክፍሉና በማይኮቹ ርቀት። በኋላ በኮምፒውተር ስኔሩን (ጠንካራውን ምት የሚሰጠውን ትንሹን ከበሮ) ለብቻው ከፍ ላድርግ ማለት አይቻልም፤ ስኔሩ ከፍ ካለ ሀይሃቱም አብሮ ይመጣል። ስለዚህ ሚክሱን የሚሠራው በከፊል ድራመሩ ራሱ ነው፤ ሀይሃቱን ለስለስ፣ ስኔሩን ጠበቅ አድርጎ መምታት አለበት። ብዙ ድራመሮች ተቃራኒውን ስለሚያደርጉ ይህ ዘዴ እጃቸው ላይ ይከሽፋል።

በቤት ስቱዲዮ ዘዴውን የሚሞክር ሰው ከሁሉ በፊት «ፌዝ» (phase) የሚባለውን፣ አንድ ድምፅ ወደ ሁለት ማይኮች በተለያየ ጊዜ መድረሱን ይጠንቀቅ። ድምፅ በአየር ውስጥ በሰከንድ 343 ሜትር ያህል ይጓዛል። አንዱ ማይክ ስኔሩ አጠገብ ሆኖ ሌላው ከላይ አንድ ሜትር ቢርቅ፣ ያው ምት ወደ ሁለተኛው 2.9 ሚሊሰከንድ ዘግይቶ ይደርሳል። ሁለቱ ሲደመሩ 170 ኸርዝ አካባቢ ያለው ድምፅ ይጠፋፋል፤ የስኔር ሆድ የሚባለው ሙላቱ ያለው ደግሞ እዚያው አካባቢ ነው። ሰውየው «ማይኬ ርካሽ ስለሆነ ስኔሬ ሳሳ» ብሎ ያዝናል፤ ጥፋቱ ግን የሜትሩ ነው። መፍትሔው በገመድ ሜትር መለካት ነው፦ ከላይ ሁለት ማይክ ካለ ሁለቱም ከስኔሩ መካከል እኩል ይራቁ፤ ከዚያ በመቅረጫው ላይ የአንዱን ፖላሪቲ (የሞገዱን የላይና የታች አቅጣጫ) እየገለበጡ ማዳመጥና ወፍራሙን መምረጥ። ክፍሉ ጣሪያው ዝቅ ያለ ከሆነ ከላይ ያለውን ማይክ ወደ ጣሪያው ማስጠጋት ክልክል ነው፤ ከጣሪያው ተመልሶ የሚመጣው ድምፅ ያንኑ ጥፋት ያመጣል። ከድራሙ በላይ ጣሪያው ላይ ወፍራም ብርድ ልብስ መወጠር ብዙ ያቃልላል።

ከአልበሙ ዘፈኖች በድራሙ ድምፅ የተለየው «ሃርድ ቱ ኤክስፕሌይን» ነው። የሚሰማው ድራም ማሽን ይመስላል፤ የመታው ግን ሞሬቲ ነው። እዚህ የተፈለገው የክፍሉን ትንፋሽ ማጥፋት ነበር፤ ድምፁ በኮምፕረሰርና በኢኳላይዘር ተጨምቆ፣ ተቆርጦ፣ የሰው እጅ ልዩነት እንዳይሰማ ተደረገ። ይህ የሚሠራው ድራመሩ ቀድሞ እንደ ማሽን ሲመታ ብቻ ነው። ኮምፕረሰር የምቱን ጥንካሬ እኩል ያደርጋል እንጂ የዘገየን ምት ወደ ቦታው አይመልስም።

ጊታሮቹ የተቀረጹት በፌንደር ሆት ሮድ ዴቪል አምፖች (የድምፅ ማጉያ ሣጥኖች) ነው፤ 60 ዋት፣ በቱቦ የሚሠሩ፣ በየትኛውም የመሣሪያ መደብር የሚገኙ የዘመኑ አምፖች እንጂ የሰብሳቢ ዕቃ አይደሉም። ሃሞንድ የሚታወቀው በነጭ ፌንደር ስትራቶካስተሩ፣ ቫለንሲ በኤፒፎን ሪቪዬራው ነው። የሁለቱ ጊታሮች ተፈጥሮ መለያየቱ ግማሹን የሚክስ ሥራ ይሠራል፦ የስትራቶካስተሩ ድምፅ ቀጭንና ጥርት ያለ፣ የሪቪዬራው መካከለኛው ክፍል የወፈረና ትንሽ የሚያፏጭ ነው። ስድሳ ዋት አምፕ ለትንሽ ክፍል ብዙ ነው፤ ቮልዩሙን ሳይከፍቱ ሲጫወቱ አምፑ ንጹሕ ሆኖ ይቀራል፤ ስለዚህ መጠነኛው ሻካራነት የሚመጣው ከፔዳል ነው። መጠነኛ የሚለውን ልብ ይሏል። የዚህ አልበም ጊታር ብዙዎች ከሚያስቡት በጣም ያነሰ ዲስቶርሽን (የድምፅ መሰባበር) ነው ያለው። ጌይኑን (ወደ አምፑ የሚገባውን የድምፅ ኃይል) ከፍ ያደረገ ሰው ወደ ታች ብቻ የመምታቱን ጠርዝ ያጣል፤ ምቱ ይደፈናል፤ የቀረው ጩኸት ብቻ ይሆናል። የሚጫወተው ሰው ገመዱን ለስለስ አድርጎ ሲመታ ንጹሕ፣ ጠንከር ሲያደርግ የሚቧጥጥ እስኪሆን ድረስ ጌይኑን መቀነስ ትክክለኛው መጠን ላይ ያደርሳል።

የዘፋኙ ድምፅ

የአልበሙ ልዩ ምልክት ይህ ነው፤ ስለዚህ እንቆይበት። የካዛብላንካስ ድምፅ በትንሽ የፒቪ የልምምድ አምፕ በኩል እንዲያልፍ ተደረገ። የልምምድ አምፕ ማለት ጀማሪ ጊታሪስት መኝታ ቤቱ የሚያስቀምጠው፣ አንድ ትንሽ ስፒከር ያለው ሣጥን ነው። ለድምፃዊ አልተሠራም፤ የሚፈለገውም ለዚሁ ነው።

ትንሹ ስፒከር ሦስት ነገር ያደርጋል። ከ100 ኸርዝ በታች ያለውን የደረት ድምፅ አያወጣም። ከ5 ሺህ ኸርዝ በላይ ያለውን ትንፋሽና የ«ስ» ፉጨት ይውጣል። በመካከል ያለውን ደግሞ፣ ዘፋኙ ሲጮህ፣ በትንሹ እየሰባበረ ይጨምቀዋል። የሚቀረው የስልክ ድምፅ የሚመስል፣ ከጊታሮቹ ጋር በአንድ ቦታ የሚቀመጥ ድምፅ ነው። ዘፋኙ ከባንዱ ፊት የቆመ ሳይሆን በመካከላቸው የቆመ የሚመስለው በዚህ ምክንያት ነው። ሚክሱም ያንኑ ተከትሏል፤ ድምፁ እንደ ፖፕ ዘፈን ከሁሉ በላይ አልተሰቀለም፤ ሪቨርብም (የክፍል ማስተጋባት) የለውም በሚባል ደረጃ ደረቅ ነው።

ሰባራው ድምፅ ከባድ ዲስቶርሽን አለመሆኑን ደግመን እንላለን። ዝግ ባለው ስንኝ ላይ ድምፁ ከሞላ ጎደል ንጹሕ ነው፤ የሚቆረሰው አዝማቹ ላይ ሲጮህ ነው። «ቴክ ኢት ኦር ሊቭ ኢት»ን ከመጀመሪያ እስከ መጨረሻ የሰማ ሰው ልዩነቱን በግልጽ ያገኘዋል። አንድ ዘፋኝ ገና ሲተነፍስ ድምፁ የሚንጫጫ ከሆነ ጌይኑ በዝቷል ማለት ነው።

ዛሬ ይህን የሚሠራ ሰው በተቻለ መጠን በሁለት ደረጃ ይሥራው። መጀመሪያ ድምፁን በጥሩ ማይክ በንጹሕ ይቅረጽ። ከዚያ ያን ንጹሕ ቅጂ ማይክንና ኮምፒውተርን ከሚያገናኘው ከኦዲዮ ኢንተርፌሱ አውጥቶ ወደ አምፑ ይላክና ስፒከሩ ፊት ማይክ ተክሎ መልሶ ይቅረጽ። ከኢንተርፌሱ የሚወጣው ምልክት ጊታር ከሚያወጣው እጅግ የበረታ ስለሆነ በመካከል ምልክቱን ወደ ጊታር መጠን የሚያወርድ ሣጥን፣ ሪአምፕ ቦክስ፣ ያስፈልጋል፤ እሱ ከሌለ የመውጫውን ቮልዩም ከዝቅተኛው ጀምሮ ቀስ እያሉ መጨመር። ስፒከሩ መሐል ላይ ያነጣጠረ ማይክ ይጮሃል፤ ሁለትና ሦስት ሴንቲሜትር ወደ ጠርዙ ሲያስጠጉት ይለሰልሳል። የ«ስ» ድምፅ አምፑ ውስጥ ገብቶ ሲሰባበር ያስቀይማል፤ በኋላ ማስተካከልም አይቻልም፤ ስለዚህ ይህን ፉጨት የሚቀንሰው ዲኤሰር የሚገባው ከአምፑ በፊት እንጂ በኋላ አይደለም። ዳግመኛ የተቀረጸው በጥቂት ሚሊሰከንድ ስለሚዘገይ ከንጹሑ ጋር ከመቀላቀል በፊት በዓይን አይቶ ማስተካከል ግድ ነው፤ ካልሆነ ከላይ ስለ ድራም ያልነው መጠፋፋት ይደገማል።

ዘፋኙ በቀጥታ በአምፑ እየሰማ እንዲዘፍን ከተፈለገ ደግሞ ሌላ ችግር ይመጣል፤ ማይኩና አምፑ አንድ ክፍል ውስጥ ከሆኑ ያፏጫል። አምፑ በሌላ ክፍል ይቀመጥና ዘፋኙ በሄድፎን ይስማ። ያ አካሄድ ጥቅም አለው፦ ዘፋኙ የሰባራውን ድምፅ እየሰማ ስለሚዘፍን አዘፋፈኑን ከእሱ ጋር ያስማማል፤ ይሰንፋል፣ ይጎትታል፣ ሲፈልግ ይጮሃል። በኋላ በሶፍትዌር የተጨመረ ዲስቶርሽን ይህን አይሰጥም፤ ሰው ሠራሽነቱ የሚሰማውም በዚህ ነው።

ኩባንያው ምን አለ

ራፋኤል በኋላ እንደተናገረው፣ ከኩባንያው በኩል ድምፁ ሙያዊ አይመስልም፣ ዘፋኙን ይጎዳዋል የሚል ተቃውሞ ቀርቦ ነበር። አይገርምም፤ በ2001 ሬዲዮው በወፈሩ፣ በተደራረቡ ጊታሮች የተሞላ ነበር። ባንዱ ግን አልተንቀሳቀሰም። ማስተሪንጉን (ከሕትመት በፊት ያለውን የመጨረሻ የድምፅ ማስተካከያ) የሠራው ግሬግ ካልቢ ነው።

እዚህ ላይ ዘዴው ራሱ ባንዱን ጠብቆታል። ሦስት ማይክ የያዘ ድራም፣ አብሮ የተቀረጸ ባንድ፣ በስፒከር ያለፈ ድምፅ ለሌላ ሰው ተሰጥቶ «አጽዳው» ቢባል የሚጸዳ ነገር የለውም። ይህ ጥንካሬም አደጋም ነው። ውሳኔው ስሕተት ቢሆን ኖሮ መመለሻ አልነበረውም።

ከማተሚያ እስከ መደብር

አልበሙ በአንድ ቀን በዓለም ሁሉ አልወጣም። አውስትራሊያ በጁላይ 30፣ ከባንዱ የሙዚቃ ጉዞ ጋር ተያይዞ፤ ብሪታኒያ በኦገስት 27። በአሜሪካ ሲዲው ለሴፕቴምበር 25 ታቅዶ ነበር።

የመጀመሪያው ችግር ሽፋኑ ላይ መጣ። የኮሊን ሌን ፎቶ ጥቁር ጓንት ያጠለቀ እጅ በአንዲት ሴት ራቁት ዳሌ ላይ ያሳያል። በአሜሪካ ትልልቆቹ መደብሮች እንዳይከለክሉት ተሰግቶ፣ በአውሮጳ የኑክሌር ምርምር ማዕከል በትልቁ የአረፋ ክፍል (የቅንጣቶችን ጉዞ በሚያሳይ መሣሪያ) ውስጥ የተነሣ የጥቃቅን ቅንጣቶች ዱካ በሽፋኑ ተተካ። ሽፋን የግል ጣዕም ብቻ ሳይሆን የማከፋፈያ ጉዳይ መሆኑን ባንዶች የሚማሩት አብዛኛውን ጊዜ ከታተመ በኋላ ነው፤ እነዚህ በጊዜው ደረሱበት።

ሁለተኛው ማንም ያላሰበው ነበር። ዘጠነኛው ዘፈን «ኒው ዮርክ ሲቲ ኮፕስ» በአዝማቹ የከተማዋን ፖሊሶች ብልሆች አይደሉም እያለ ይሳለቃል። የሴፕቴምበር 11 ጥቃት ደረሰ፤ በዚያች ከተማ ብዙ ፖሊሶች በፍርስራሹ ውስጥ ሞቱ። ዘፈኑ ከአሜሪካው ሲዲ ወጣ፤ በምትኩ «ዌን ኢት ስታርትድ» ገባ፤ የሲዲው መውጫም ወደ ኦክቶበር 9 ተገፋ። ሸክላው ግን የወጣው በዚያው በሴፕቴምበር 11 ስለነበር ዘፈኑ እንደነበረ ይዞት ቀረ። ስለዚህ የአሜሪካ ሸክላና የአሜሪካ ሲዲ አንድ አልበም ሆነው የተለያየ ዘጠነኛ ዘፈን አላቸው።

ሁለት ሳምንት ብቻ መዘግየቱ የሚያስደንቅ ነው። አንድ ዘፈን መቀየር ማለት ማስተሩን እንደገና ማዘጋጀት፣ የዲስኩን ቅርጽ መልሶ መሥራት፣ የዘፈን ዝርዝሩንና ቡክሌቱን እንደገና ማተም ማለት ነው። የተቻለው ተተኪ ዘፈን በእጅ ስለነበረ ነው። አሥራ አንድ ዘፈን ለሚያወጣ ባንድ አሥራ ሁለተኛውንና አሥራ ሦስተኛውን በዚያው ድምፅ ጨርሶ ማስቀመጥ ተርፎ የሚጣል ድካም አይደለም፤ ለነጠላ ሲዲ ጀርባም፣ ለእንዲህ ያለ ቀንም ይሆናል። «ዌን ኢት ስታርትድ» የተተካውን ያህል ጉልበት ባይኖረውም ከጎረቤቶቹ ጋር አልተጣላም።

ሌላው ትንሽ ጉዳይ «ላስት ናይት» ነው። መግቢያው የቶም ፔቲን «አሜሪካን ገርል» መግቢያ በጣም ይመስላል፤ ባንዱም አልካደም። ፔቲ በ2006 ስለዚህ ሲጠየቅ በሳቅ አለፈው እንጂ ክስ አላነሣም። እንዲህ ያለ ሰው የሚያጋጥመው ሁልጊዜ አይደለም፤ ከማተም በፊት መመሳሰሉን አስተውሎ ከመብት ባለቤቱ ጋር መነጋገር ርካሹ መንገድ ነው።

በብሪታኒያ አልበሙ 2ኛ ደረጃ ላይ ደረሰ፤ በአሜሪካ በቢልቦርድ 200 ዝርዝር ከፍተኛው ደረጃው 33ኛ ነበር። ልዩነቱ ያስገርማል፤ ባንዱ ኒው ዮርካዊ ነውና። በብሪታኒያ ግን ከአልበሙ ሰባት ወር ቀድሞ ማሳያው ወጥቶ፣ ጋዜጦች ጽፈው፣ ባንዱ ክለቦቹን ዞሮ ነበር፤ በአሜሪካ ያ ሁሉ ገና ነበር። የብሪታኒያው ኤንኤምኢ መጽሔት በ2009 የአሥር ዓመቱ ምርጥ አልበም አድርጎ መርጦታል።

በመድረክም የቀረጻው ዘዴ አግዟቸዋል። በአልበሙ ውስጥ ያለውን አምስት ሰው ያለ ተጨማሪ ኪቦርድና ያለ ተዘጋጀ ትራክ ሊያወጣው ይችላል፤ ማታ ማታ ዘጠና ደቂቃ መሙላት ግን በ36 ደቂቃ ሙዚቃ አይቻልም፤ በመጀመሪያው ጉዞ ላይ ዝግጅቶቻቸው አጫጭር የነበሩት በዚህ ነው።

ለሁለተኛው አልበም ባንዱ በ2003 ከሬዲዮሄድ ባንድ ጋር ከሚሠራው ናይጀል ጎድሪች ጋር ቀረጻ ጀመረ። አልተስማሙም፤ የተቀረጸው ተጣለ፤ ወደ ራፋኤል ተመለሱ፤ «ሩም ኦን ፋየር»ም በዚያው ዓመት በኦክቶበር ወጣ። ለሦስተኛው አልበም ግን የተገላቢጦሽ ሆነ፦ ከራፋኤል ጋር ተጀምሮ ሥራው በአብዛኛው ወደ ዴቪድ ካን እጅ አለፈ፤ አልበሙ ከመጀመሪያው ይልቅ በጣም የረዘመ፣ ድምፁም የጠራ ሆነ።